የዮርዳኑን ቤት አታበላሹብን፦ ለማኅበራችን ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣

ጤና ይስጥልን። የምንጽፍላችሁ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት ወላጆችና በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ነን። በኢሜይል ጠየቅን፣ መልስ የለም። ደወልን፣ «እናያለን» ተባልን። ስለዚህ አባሉ ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጻፍነው። የማኅበሩንም የማንንም ሰው ስም አንጠራም፤ የሚመለከተው ራሱን ያውቃል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስተርዳም ዮርዳን ሰፈር ማኅበሩ ተከራይቶ የሚጠቀምበት ቤት «ሊታደስ» መሆኑን የሰማነው ከዋትስአፕ ግሩፕ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ አልተጠራም። አንድ የኮምፒውተር ስዕል ተለጠፈ፣ ከሥሩ «የምስራች!» ተባለ፣ ሰዉ የጭብጨባ ምልክት ደረደረ፣ አለቀ። ስዕሉ ላይ የሚታየው ነጭ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ ሰማያዊ መብራት፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ የፕላስቲክ መስኮት፣ የፊተኛውን ክፍል ከኋለኛው የሚለየው ግድግዳ ተነስቶ ደግሞ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። ለሠርግ፣ ለልደትና ለክርስትና ይከራያል ተብሏል። ትምህርት ቤቱ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል።

ገንዘብ እንደሚያስፈልግ አልጠፋንም። ኪራዩ ተወዷል፣ መዋጮ የሚከፍለው ሰው ቀንሷል። ግን ቃለ ጉባኤያችሁን አግኝተን አነበብነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቤቱ «አሮጌና ጠባብ» ከመባሉ በቀር ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አንድ ቃል የለም። እንግዲህ ከዚያው እንጀምር።

ይህች ከተማ ድሮ የእንጨት ከተማ ነበረች። በ1421 እና በ1452 ሁለት ትልልቅ ቃጠሎዎች አብዛኛውን ከበሉት በኋላ ነው አስተዳደሩ የጎን ግድግዳዎች በጡብ ይሠሩ ማለት የጀመረው። ቤኸይንሆፍ ግቢ ውስጥ 34 ቁጥር ያለውን ጥቁር የእንጨት ቤት ያየ ሰው ከእንጨቱ ዘመን የተረፈ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከዚያ በ1613 የታላላቆቹ ቦዮች ቁፋሮ ተጀመረ፦ ሄረንግራኽት፣ ካይዘርስግራኽት፣ ፕሪንሰንግራኽት። እዚያ የሰፈሩት ሀብታሞቹ ነጋዴዎች ናቸው። የኛው ዮርዳን የተሠራውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ለሠራተኛው፣ ለሸማኔው፣ ለቆዳ ፋቂው፣ ለቀለም ነካሪው። ለሀብታሞቹ መንገዱም ቦዩም በማስመሪያ ተሰመረ፤ ለዮርዳን ግን ማን ይድከም፣ የድሮው የእርሻ ቦይና የእግር መንገድ እንዳለ ጎዳና ሆነ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ከዋናዎቹ ቦዮች አንጻር ጠመም ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ከጎናችን ያለው የቦይ ቀለበት በ2010 ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። የኛ ቤት ደግሞ፣ ትንሽ ብትሆንም፣ በአገር ደረጃ በቅርስነት የተመዘገበች ናት። በሩ ላይ ሰማያዊና ነጭ ምልክት አለ። በሱ ሥር ነው በየሳምንቱ ቆማችሁ ሲጋራ የምታጨሱት።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

ስለ ጣሪያው። ከበላያችን ያሉት ወፋፍራም አግዳሚ ግንዶች የፊተኛው ክፍል ጌጥ አይደሉም። ከአንዱ የጎን ግድግዳ ወደ ሌላው ተዘርግተው የላይኛውን ፎቅ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። በዚያ ዘመን እንጨቱ በመርከብ ከኖርዌይና ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር፤ ሆላንድ ይህን የሚያህል ግንድ ከየት ታመጣለች! የአንድ ቤት ወርድ አንዱ ልክ የግንዱ ርዝመት ነው። በሀብታሞቹ ሄረንግራኽት እንኳ መሬቱ ሲሸነሸን የተለመደው ወርድ 30 ጫማ ነበር፤ የአምስተርዳም ጫማ 28.3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ስምንት ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ቤቶቹ ወደ ጎን ጠበው ወደ ውስጥና ወደ ላይ የረዘሙት የጠባብ ሰው አሳብ ሆኖ አይደለም። የኛ ከዚያም ትጠባለች፣ እሺ። ግን «ጠባብ» ብሎ ቤቱን መውቀስ ምን ይባላል?

ባለፈው ወር «ናሙና» ተብሎ የመጣው ሠራተኛ ከፊተኛው ክፍል አንዱን ግንድ ሦስት ቦታ በስቶታል። ለመብራት። አንደኛው ቀዳዳ የቡና ስኒ አፍ ያክላል፤ ጣት ስንከትበት ውስጡ አሁንም የሙጫ ሽታ አለው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ደርቆ የኖረ እንጨት! ሠራተኛውን አንወቅስም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ወቀሳችን ላዘዘው ነው። ጂፕሰሙ ከሥር ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ ከላይ ውኃ ቢያፈስ፣ ግንዱ ቢበሰብስ ማን ያያል? አሁን ቢያንስ ቀና ብለን እናያለን።

የግንድ ነገር ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ፣ ይህች ከተማ በጀርመን ወረራ ዘመን፣ በ1944 እና በ45 ክረምት ምን እንዳየች ይጠይቅ። ረሃቡና ብርዱ ሲበረታ፣ አይሁዶች ተግዘው ባዶ ከቀሩት ቤቶች ሰዉ እንጨቱን እየነቀለ አነደደው። ደረጃው፣ ወለሉ፣ ከዚያ አግዳሚው። አግዳሚው የተነቀለበት ቤት በራሱ ጊዜ ፈረሰ። ዛሬ በድሮው የአይሁድ ሰፈር ስትሄዱ አዳዲስ ሕንፃ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ መካከለኛው ግድግዳ። ይሄ ነው ከሁሉ ያስደነገጠን። የአምስተርዳም የድሮ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ቤት ነው፤ ከመንገዱ በኩል የፊት ቤት፣ ከጀርባው የኋላ ቤት፣ በመካከላቸው ብርሃን የሚያስገባ ትንሽ ክፍት ቦታና መተላለፊያ። ቤቱ በሁለት ጎን ከጎረቤት ጋር ስለተጣበቀ ብርሃን የሚገባው ከፊት፣ ከኋላና ከዚያች ከመሐል ካለችው ቦታ ብቻ ነው። ፕሪንሰንግራኽት 263፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነው የአኔ ፍራንክ ቤት፣ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ባንሄድም እንግዳ በመጣ ቁጥር ቲኬት የምንፈልገው እኛው ነን። ያ ቤት በ1635 የተሠራ ነው። አይሁዳዊቷ ልጅ አኔ ፍራንክና ሌሎች ሰባት ሰዎች ከናዚዎች ሸሽተው ከ1942 ጁላይ እስከ 1944 ኦገስት 4 የተደበቁት በኋላ ቤቱ ነው። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ከፊት ቤቱ ጀርባ ሌላ ቤት መኖሩ አይታየውም። በዚያ ላይ ወደ ኋላ ቤት የሚያስገባው በር በመጽሐፍ መደርደሪያ ተሸፈነ። አሠራሩ እንዲህ ባይሆን ኖሮ የመደበቂያው አሳብ ራሱ አይመጣም ነበር።

የኛም ቤት ያው አሠራር ነው፣ በትንሹ። ክፍቷ ቦታ ጣሪያ ከለበሰች ቆይቷል፤ ግን ግድግዳው አለ፣ የላይኛውም ወለል እሱ ላይ አርፏል። እናንተ «ቀጭን ስለሆነ ይነሳል» ብላችኋል። የሕንፃ መሐንዲስ አይቶታል ወይ ብለን ስንጠይቅ «ልምድ ያለው ሰው አይቶታል» ተባልን። ልምድ ያለው ሰው ማለት ሬስቶራንት ያደሰ ዘመድ ማለት ከሆነ አንቀበልም። ከላይ የሚኖሩት ሁለት አዛውንት ሆላንዳውያን ናቸው። ጠይቃችኋቸዋል?

ስለ ምድር ቤቱ። እዚህ ጋ ረዘም ብለን ብንጽፍ አትታዘቡን፣ ልጆቻችን የሚወርዱት እዚያ ነው።

አምስተርዳም የቆመችው በጭቃና በረግረግ ላይ ነው። ቤቱ እንዳይሰጥም ረጃጅም ግንድ ወደ መሬት እየተመታ፣ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ሜትር ወርዶ ጠንካራው አሸዋ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት፣ በ1648 የከተማ አዳራሽ ተብሎ ግንባታው የተጀመረው፣ 13,659 ግንዶች ላይ ነው ያለው። የሆላንድ ልጆች ቁጥሩን የሚይዙት የዓመቱን ቀናት 365 ይጽፉና ከፊቱ 1፣ ከኋላው 9 ያስቀምጣሉ። ልጆቻችን ከትምህርት ቤታቸው ይህንን ይዘውልን መጥተዋል፤ ቦርዱም ከልጆቹ ቢማር አይከፋም።

የዚህ ግንድ ጠባይ እንዲህ ነው፦ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ለዘመናት ይቆያል። ጫፉ ከውኃ በላይ ወጥቶ አየር ካገኘው ግን እንጨት የሚበላው ሻጋታ ይጀምረዋል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ስለዚህ በዚህ ከተማ የከርሰ ምድር ውኃ ዝቅ ማለት የቤት ባለቤት ሁሉ ስጋት ነው። እናንተ ደግሞ ምድር ቤቱ ርጥበት ስላለው፣ ለልጆቹ እንዲደርቅ ተብሎ፣ ወለሉ ተቆፍሮ ቀን ከሌት የሚሠራ ፓምፕ ይተከላል ብላችሁ ወስናችኋል። ውኃውን ከየት ነው የምትስቡት? ከቤቱ ሥር! ግንዱን ከውኃ አውጥታችሁ አየር ልታጠጡት ማለት ነው። ከዚያ መሠረት ይቀየር ቢባል በመቶ ሺህ የሚቆጠር ዩሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ የጎን ጎረቤቶቹም ግድግዳውን ከኛ ጋር ስለሚጋሩ ክሱ የሚመጣው በሁለት በኩል ነው።

ከመሬት ሥር ውኃ ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዓይናችን ያየነው ነገር አለ። የሰሜን ደቡቡ ሜትሮ ሲሠራ፣ በ2008 ጁንና ሴፕቴምበር፣ ፋይዘልግራኽት ላይ በጣቢያው የምድር ግድግዳ ስንጥቅ ውኃና አሸዋ ሾልኮ ገባ። ከጎኑ ያሉት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፊሊፕስ ፊንግቦንስ ንድፍ የተሠሩ የሸማኔ ቤቶች እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ሰመጡ። ያ እንግዲህ በመሐንዲስ ብዛት የተጨናነቀ ፕሮጀክት ነው። በ2020 ሴፕቴምበር 1 ደግሞ ግሪምቡርግዋል ላይ የቦዩ ዳር ግንብ ተደርምሶ ውኃ ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህች ከተማ መሬቷን አምና አትተኛም። እኛ ከኢንተርኔት በታዘዘ ፓምፕ ልንሞክራት ነው?

የልጆቹንም ነገር ሳንል አናልፍም። ምድር ቤቱ ድሮ ወጥ ቤትና ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ መስኮቱ ከእግረኛው ጫማ ጋር ይተያያል። ባለፈው ክረምት ለሁለት ቅዳሜ «ለጊዜው» ተብሎ እዚያ ተማሩ። አንዲት አስም ያለባት ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሐኪም ሄዳለች። የፊደል ገበታው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከ«ሀ» እስከ «ሐ» ያለው ረድፍ ሻግቷል። ገበታውን ለአንዲት እትዬ ሰጥተናት በሎሚ ፈትጋ ልታድነው ሞክራ ነበር፤ አልዳነም።

ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው። ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። ጆንያ ተሸክሞ የጎበጠ ሰው። ልጆቹ «ጋሼ ጆንያ» ይሉታል። የቤት ቁጥር ወደ አምስተርዳም የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በፈረንሳዮቹ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት አድራሻ ማለት ይህ ድንጋይ ነበር፤ «ጆንያ ተሸካሚው ያለበት ቤት» ይባላል፣ ደብዳቤውም ዕቃውም በዚያ ይመጣል። ማንበብ የማይችልም አይጠፋበትም። ከኛ ራቅ ሳይል ብሉምግራኽት ላይ ከ87 እስከ 91 ያሉትን በ1642 የተሠሩ ሦስት ቤቶች እዩዋቸው፦ አናታቸው በደረጃ ደረጃ የወጣ፣ በያንዳንዳቸው ላይ ድንጋይ፤ አንዱ ከተሜ፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ መርከበኛ። ቱሪስቱ ፎቶ ሊያነሳ የሚሰለፈው ለነሱ ነው።

የናንተ ሰሌዳ ሁለት ሜትር ተኩል ይረዝማል፣ በባትሪም በመብራትም ያበራል፣ ጋሼ ጆንያን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ይባስ ብሎ ሰቃዩ ሰሌዳውን በግድግዳው ላይ ባሉት ጥቁር ብረቶች ላይ ሊያስር ነበር። እነዚያ ብረቶች የፊተኛውን ግንብ ከውስጥ ካለው ወለል ጋር ይዘው የሚያቆሙት ናቸው። አጋጣሚ ሆኖ ከአስተማሪዎቹ አንዱ ስለነበር አስቆመው። ሰቃዩ ግንቡ ላይ ውኃ ልክ አስደግፎ «ቤታችሁ እየወደቀ ነው፣ ወደ ፊት አዘንብሏል» ብሎ አስደንግጦናል። አይደለም! የፊቱ ግንብ ወደ መንገዱ እንዲያዘነብል ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ከአናቱ ላይ መንጠቆ ያለው አግዳሚ ወጥቷል፤ ዕቃ በገመድ ሲጎተት ግንቡን እንዳይመታ፣ ዝናቡም ወደ ግንቡ እንዳይወርድ ነው። ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ስለሆነ ዛሬም ትልቅ ዕቃ በመስኮት ነው የሚገባው። የማኅበሩ ትልቁ ፍሪጅ በምን ገባ? ያኔ እኮ ከታች ሆናችሁ «ቀስ! ቀስ!» ትሉ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። አሳሳቢው ወደ ጎን ማዘንበል ነው፤ እሱ የመሠረት ነገር ነው፣ ከላይ የጻፍነው።

ስለ መስኮቱና ወለሉ ብዙ አንልም። ፕላስቲክ መስኮት በተመዘገበ ቤት ላይ አይፈቀድልንም፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ብርዱ እውነት ነው፤ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስኮት መጨመር ይቻላል፣ ብዙ ቤቶች እንዲሁ አድርገዋል። ሴራሚኩ ደግሞ ከባድ ነው፣ ከሥሩ ያለው ጣውላ ነው። በዚያ ላይ መቶ ሃምሳ ሰው የሚይዝ ሠርግ አስቡ። እስክስታው ትከሻ ላይ ነው ብለን እንለፈው፤ የጉራጌው ጭፈራ ሲመጣስ? ባለፈው የዘመን መለወጫ በዓል ላይ ከታች ምድር ቤት የነበረው ሰው አቧራ ከጣሪያው ሲረግፍ አይቶ ሮጦ ወጥቷል። ሁላችንም ሳቅን፤ ግን ያስቅ ነበር?

አሁን ደግሞ በስብሰባችሁ ላይ ተነሳ ወደተባለው አሳብ። አንድ የቦርድ አባል «የፈረንጅ አሮጌ ቤት ለምን እናመልካለን? በባሪያ ንግድ ገንዘብ የተሠራ ከተማ ነው» ብለዋል አሉ። ንግግሩ ባዶ አይደለም፣ ስለዚህ አድበስብሰን አናልፈውም። አዎ፣ ሄረንግራኽት 502፣ ዛሬ የከተማዋ ከንቲባ የሚኖሩበት ቤት፣ በ1672 ገደማ የተሠራው ለፓውሉስ ሆዲን ነው። ሰውዬው ባሪያ ይነግድ የነበረው የምዕራብ ሕንድ ኩባንያ አስተዳዳሪ ነበር። የአምስተርዳም ከተማ ራሷ ከ1683 ጀምሮ የሱሪናም ቅኝ ግዛት ባለ ድርሻ ነበረች። ከንቲባዋ በ2021 ጁላይ 1 በከተማዋ ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ግን ቤቶቹም ሰነዶቹም ስላሉ ነው። በከንቲባዋ ቤት ፊት ሆዲን ማን እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ አለ፤ ቤቱ ፈርሶ ሆቴል ቢሠራበት ጽሑፉ የት ይቀመጥ ነበር? የተቆጣ ሰው ማስረጃውን አያጠፋም። በበኩላችን ልጆቻችንን እዚያ ወስደን ማሳየት እንፈልጋለን፤ ከሱሪናም የመጡ ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን እንደሚወስዱት።

ደግሞም የኛ ቤት የነጋዴ ቪላ አልነበረም፣ የሠራተኛ ሰፈር ቤት ነው። እስከ ዛሬ የቆየውም ሰዎች ስለተጣሉለት ነው። ከዮርዳን ሰፊ ክፍል በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንዲፈርስ ታስቦ ነበር። ኒውማርክት በሚባለው ሌላ ሰፈር ሜትሮና ሰፊ መንገድ ለመሥራት ቤቶች ሲፈርሱ፣ በ1975 ማርች 24 ነዋሪውና ፖሊስ በድንጋይና በውኃ መድፍ ተፋለሙ። ሜትሮው ተሠራ፤ አውራ ጎዳናው ግን ቀረ፣ ሰፈሩም በድሮው የመንገድ ቅርጹ እንደገና ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ይህች ከተማ አሮጌ ቤቷን በቀላሉ መንካት ያቆመችው። ከናንተ ውስጥ ደግሞ ፒያሳ ሲፈርስ ፌስቡክ ላይ የድሮ ፎቶ እየለጠፋችሁ ያለቀሳችሁ አላችሁ። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ እኛም አልቅሰናል። የሰው አገር ቅርስ ሲሆን በድሪል መብሳት ይቻላል የሚል ሕግ ግን አናውቅም።

ስለ ሕግ ካነሳን፦ በአገር ደረጃ በተመዘገበ ቤት ላይ የሚደረግ ለውጥ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ውጪው ብቻ አይደለም፣ ውስጡም የተጠበቀ ነው፤ ግንዱ፣ ደረጃው፣ የድሮው በር። ያለ ፈቃድ የነካ ሰው በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፣ ወደነበረበት እንዲመልስም ሊታዘዝ ይችላል፣ በራሱ ወጪ። ቤቱን ያከራየን ድርጅት ደግሞ የኪራይ ውላችንን ቢያፈርስ ምን እንመልሳለን? ፈቃድ ተጠይቋል ወይ ብለን በጽሑፍ ጠይቀናል። እስካሁን የተመለሰልን «ቀብድ ተከፍሏል» የሚል ብቻ ነው። ከማን ገንዘብ? በየወሩ ከምናዋጣው! ስንት እንደሆነም አልተነገረንም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ሥራው ዛሬውኑ ይቁም። ድሪልም፣ ሰሌዳም፣ የፓምፕ ቁፋሮም። ማሽኖቹ ከፊተኛው ክፍል ይውጡልን፣ ልጆች እየተደናቀፉባቸው ነው።

የተበሳው ግንድ ለአከራዩ ድርጅት ይነገር። ተደብቆ በኋላ ከሚገኝ አሁን ብትናገሩ ይሻላል። ቀዳዳውን በምን እንደሚደፍኑት እነሱ ባለሙያ አላቸው፤ ከኛ ማንም በስቱኮ እንዳይሞላው።

የውሉ ኮፒና የቀብዱ ደረሰኝ ለአባላት ይላክ። ፈቃድ ከተጠየቀ የማመልከቻው ቁጥር ይገለጽልን፤ ካልተጠየቀም አልተጠየቀም በሉን።

የአማርኛ ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በፊተኛው ክፍል ይቀጥል። ምድር ቤቱ ለወንበርና ለድስት ይሁን።

ሠርግና ትልልቅ ድግስ ሌላ ቦታ ይፈለግለት። ከከተማው ወጣ ብሎ በሰዓት የሚከራይ አዳራሽ አለ፤ ሁለቱን አይተን ዋጋ ጠይቀናል፣ ብትፈልጉ እንልክላችኋለን። ለገቢው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በየሴፕቴምበሩ ሁለተኛ ቅዳሜና እሑድ በመላው አገሪቱ ቅርስ የሆኑ ቤቶች ለሕዝብ ክፍት ይሆናሉ። የኛም ይከፈት። ቡናውን እኛ እናፈላለን፣ ዳቦውን እንጋግራለን፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች ስለ ጋሼ ጆንያ በሁለት ቋንቋ ያስረዳሉ። መግቢያው ነጻ፣ ቡናው በክፍያ።

በመጨረሻም ጠቅላላ ጉባኤ በአንድ ወር ውስጥ ይጠራ፤ በዋትስአፕ ሳይሆን በደብዳቤ፣ በአጀንዳው ላይም የቤቱ ጉዳይ የመጀመሪያው ሆኖ። ከላይ የሚኖሩት አዛውንትና የሁለቱ ጎን ጎረቤቶች ይጋበዙ። ለአዛውንቱ የሚያስተረጉም ከኛ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ
በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች
የቤቱ የጽዳትና የቡና ተረኞች

አምስተርዳም